የፍልሚያ ፋንታሲ እየጻፍኩ ነው፣ ግን ሽማግሌው ቻይናዊ ሆነብኝ

የአዘዞዋ፦
ሰላም ቤቶች። ለወጣቶች የሚሆን ፋንታሲ ልቦለድ ጀምሬያለሁ፣ ዘመኑ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ነው (1682-1706 እ.ኤ.አ.)፣ የ16 አመት ልጅ አለች ፋሲል ግቢ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ፍልሚያ የምትማር። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት ተጋፍቼ ያየሁት የኩንግፉ ፊልም ሁሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፣ ሽማግሌው ፂሙን እየዳበሰ በእንቆቅልሽ ያወራል፣ ልጅቷ ከግንብ ግንብ ትበራለች፣ አማርኛ የሆነው ስማቸው ብቻ ነው። ጓደኛዬ አንብባው "ትርጉም ፊልም ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ከኛ ምን ልውሰድ? እስክስታን ፍልሚያ ላደርገው አስቤ ራሴው አፈርኩ።

ማራኪ ሰፈር፦
እንኳን አፈርሽ 😂 ጉግስስ? ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይጋልባል፣ አሳዳጁ ዘንግ ይወረውርበታል፣ ሳያይ በኮቴ ድምፅ ብቻ የሚመክት ልጅ ብትፈጥሪ ለኔ ከመብረር ይበልጣል።

ሰማያዊ ቀበቶ፦
ቴኳንዶ እሰራለሁ፣ ሁለት ነገር ልበል። ውድድር ላይ አንዱ ራውንድ 2 ደቂቃ ነው፣ ሶስት ራውንድ ነው በቃ፣ ግን ሁለተኛው ላይ እግርሽ ያንቺ አይደለም፣ አፍሽ ይደርቃል፣ አሰልጣኝሽ የሚጮኸው አይሰማሽም። ያንቺ ልጅ ምዕራፍ ሙሉ ተደባድባ አንዴም አልተነፈሰችም ብዬ እወራረዳለሁ። ሌላው፣ ቻይኖቹ ራሳቸው ዉሺያ የሚሉት ዘውግ ዋናው መብረሩ አይደለም፣ ጀግናው አብዛኛውን ጊዜ ለቤተ መንግስት ያላደረ፣ ከሀገር ሀገር የሚዞር፣ ለተበደለ የሚቆም ሰው ነው። አንቺ ግን ወስደሽ ግቢ ውስጥ ቆለፍሻት።

ድጓ ቤት የነበርኩ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፣ ዞሮ አደሩ ደሞ እኛ ጋ የቆሎ ተማሪ ነው እኮ። ልጁ ከቤቱ ይጠፋል፣ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ መምህር ፍለጋ ስንት ሀገር ያቋርጣል፣ ዱላ ከእጁ አይለይም። እኔ 4 አመት ነበርኩበት። ውሻ ሲመጣብሽ ዱላውን ወደላይ ማንሳት የለም፣ ዝቅ አርገሽ በአፉና በቅልጥምሽ መሀል ነው የምታቆይው፣ ካነሳሽ ከስር ይገባል። ይሄን ያስተማሩኝ የኔታ አይደሉም፣ በሁለት አመት የሚበልጠኝ ልጅ ነው፣ እሱም ባቱ ላይ ጠባሳ ነበረው። ተፎካካሪ ቤት ከፈለግሽም ጎንደር የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ) ሀገር ነች፣ ሁለቱ ቤቶች ላይ ቤትና ታች ቤት ይባላሉ። በቁም ይጀመራል፣ ዝማሜ በመቋሚያ፣ መረግድ፣ ከዛ ጽፋት እየፈጠነ ይሄዳል፣ ደረጃ በደረጃ ማለት ነው።

ቀሃ፦
ኧረ በእግዚአብሔር! መቋሚያ የጸሎት ነው፣ የሰው ማጅራት መምቻ አታድርጉት። እናቴ ብታነብ መጽሐፉን እሳት ውስጥ ነው የምትከተው።

ድጓ ቤት የነበርኩ፦
ይሄ እንኳ እውነት ነው፣ እኔም ቸኮልኩ። የአቋቋሙን ስም ተዪው፣ ኑሮውን ነው መውሰድ ያለብሽ፣ ረሀቡን፣ መንገዱን፣ ዱላውን።

የአዘዞዋ፦
ወይኔ ሁለት ወር የጻፍኩትን ልጥለው ነው መሰለኝ። ሴት ስለሆነች ፀጉሯን ተላጭታ ወንድ ነኝ ብላ ነው የምትወጣው፣ ሽማግሌው ቀርቷል፣ የሚያስተምራት ባቱ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ ነው (ፈቅደህልኛል አይደል?)። የመጀመሪያው ምዕራፍ ውሻ ነው። ግን ውሻው ሁለት ቢሆንስ?

ድጓ ቤት የነበርኩ፦
ፈቅጃለሁ። ሁለት ከሆነ ጀርባዋን ግንብ ላይ ትለጥፍ፣ ጎንደር ደሞ ግንብ አይጠፋም።