ጥቆማ፦ ለልጆች ጁስ ወይስ ጎመን? (ኮዬ ፈጬና አካባቢው ላላችሁ)

ሰሞኑን ሁለት ጎረቤቶቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ አትክልት አልበላም ካለ በጁስ ብተካውስ?» እኔም ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ለልጄ የብርቱካን ጁስ ስገዛ ነበር። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

በቫይታሚን ሲ ጁሱ ይበልጣል። 100 ግራም ንጹህ የብርቱካን ጭማቂ 50 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። የተቀቀለ ጎመን የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጠፋል፣ ከሚደፋው ውሃ ጋርም ይሄዳል። ግን አንድ ብርጭቆ ጁስ ምንም ሳይጨመርበት 20 ግራም ያህል ስኳር አለው። አምስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ፋይበሩ ወንፊት ላይ ይቀራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የጁስን ስኳር ከምንቀንሰው ስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው። አንድ ቀን ጁስ ቤት ቆሜ ሳይ፣ ጁስ የሚጨምቀው ልጅ ሳይጠይቀኝ ሁለት ትልልቅ ማንኪያ ስኳር ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ለልጄ የብርቱካን ጁስ ገዝቼ አላውቅም።

አቮካዶ ሌላ ነው። ሙሉው ስለሚፈጭ ፋይበሩም ጥሩ ስቡም አብሮ ይጠጣል። «ስኳር የሌለው» ብላችሁ እዘዙ።

ወደ ጎመኑ ልምጣ። በአንድ ብርጭቆ ጁስ ዋጋ ከጉሊት ከአንድ እስር በላይ ይገዛል። እንደ ዝርያው ቢለያይም 100 ግራም የተቀቀለ ጎመን 140 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ወተት 120 አካባቢ ነው። በፆም ወራት ይህ ትልቅ ነገር ነው። 4 ግራም ፋይበርም አለው። ቆስጣ ግን በካልሲየም አይተካውም፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ ሰውነታችን እንዳይወስደው ያደርጋል።

አሠራሩም ለውጥ አለው። እኔ ቀቅዬ ውሃውን መድፋት ትቻለሁ። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቼ፣ ጎመኑን አድቅቄ ከትፌ እጨምራለሁ። ውሃ ጠብ አድርጌ እከድነዋለሁ። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይወጣል። ዘይቱም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ የጎመን ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። ለአዋቂ መጨረሻ ላይ ጥሬ ቃሪያ ጣል አድርጉ፤ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ያስከነዳል። ለልጄ ከምሳ በኋላ ብርቱካኑን ልጬ በፍሬው እሰጣታለሁ፤ የጎመኑን ብረት ሰውነቷ እንዲወስድ ይረዳታል። ሻይ ግን ከምግቡ ጋር አይቅረብ፤ ብረቱን ይከለክላል።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ስትገዙ «ከየት የመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ያለነው አቃቂ ወንዝ አጠገብ ነው። የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ በሚገባበት ወንዝ የሚጠጣ ጎመን አለ። ደጋግሞ ማጠብ አፈሩንና ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን እርሳስና ክሮሚየም አያወጣም። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም አትክልተኛ ካገኛችሁ ደንበኛ አድርጉት። የእኔዋ ጉሊት ቸርቻሪ ሳትደብቅ ትነግረኛለች፤ «ዛሬስ ይቅርብሽ» ያለችኝ ቀን አለ።

ቦታ ያላችሁ ደግሞ ራሳችሁ ትከሉ። እኔ ከላይ በተቆረጡ አሮጌ ጀሪካኖች አራት እግር ጎመን በረንዳ ላይ አለኝ። ከታች ከታች ያለውን ቅጠል ብቻ ቁረጡ፣ መሃሉን አትንኩት። መልሶ ያወጣል።