ከወደቀ በኋላ ሌንሱ ደህና መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

ጥያቄ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በከተራ ዕለት ጃንሜዳ ታቦታቱ ሲገቡ ፎቶ በማነሳበት ሰዓት የካሜራዬ ማንጠልጠያ በአንድ ጎኑ ተፈትቶ ካሜራው ከነሌንሱ ከደረቴ ከፍታ ወደቀ። ሣር ላይ ቢያርፍ ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅሁ ነበር፤ ያረፈው ግን ድንጋይ ላይ ነው። ሌንሱ ካነን 24–70 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8፣ ሁለተኛው ስሪት ሲሆን ካሜራው 5ዲ ማርክ 4 ነው። መሬት የነካው በግንባሩ ስለሆነ ባለ 82 ሚሊ ሜትሩ ፊልተር ተሰብሮ ቀለበቱ በአንድ በኩል ጎብጧል፤ ከፊልተሩ ኋላ ያለው የሌንሱ መስታወት ግን እስከማየው ድረስ ጭረት የለበትም።

ቤት ገብቼ ያነሳኋቸው ጥቂት ፎቶዎች ጥሩ መሰሉኝ፤ አውቶፎከሱም ይሠራል። ሆኖም ዙሙን ከ35 ወደ 50 ሳዞር ቀድሞ ያልነበረ መጠነኛ መያዝ ይሰማኛል። የዚህ ሌንስ ዋጋ ለእኔ የብዙ ወራት ድካም ነው፤ በመጪው እሑድ ደግሞ ሰርግ አለብኝ። የሙሽሮች ቀን አይደገምምና፣ ሌንሱ በእርግጥ ጤነኛ መሆኑን በምን መንገድ ልለይ እንደምችል ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፣ ከአንድ ፎቶ አንሺ

እንኳን እርስዎን አልነካዎት። ከሁሉ አስቀድሞ የተሰበረውን ፊልተር ያስቡበት። ሌንሱን ፊቱን ወደ መሬት ደፍተው ስብርባሪው በራሱ እንዲወርድ ያድርጉ፤ የቀረውን ደቃቅ በጎማ መንፊያ ያራግፉት። በጨርቅ ግን አይጥረጉት፤ የመስታወት ደቃቅ በጨርቁ ሥር ሆኖ ከውድቀቱ የተረፈውን ገጽ ይጭረዋል። እኔ ከዓመታት በፊት መውደቁ ያላደረሰበትን ጉዳት በዚህ መንገድ በገዛ ሌንሴ ላይ ስላደረስሁ ሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። የጎበጠው ቀለበት በእጅ አልፈታ ካለ በፒንሳ አይታገሉት፤ ለጠጋኝ ይተዉት።

ከዚያም ከጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው በኤፍ 2.8 አንድ ፎቶ ያንሱና አራቱን ማዕዘኖች ያነጻጽሩ።

መልስ 2፣ ከካሜራ ጠጋኝ

ስለ ፊልተሩ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ በጡብ ግድግዳው ግን አልስማማም። ካሜራው ከግድግዳው ጋር ፍጹም ትይዩ ካልሆነ አንዱ ጎን ይቀርባል፣ ሌላው ይርቃል፤ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሰፋል) ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እያለ ይህች ጥቂት ልዩነት ጤነኛውን ሌንስ የታመመ ታስመስለዋለች። በዚህ ምክንያት ብቻ ምንም ያልሆነ ሌንስ ይዘው የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሌንስ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከውጭ የሚታየው መስታወት አይደለም። በውስጡ ያሉት መስታወቶች የሚሠሩት መሃል ለመሃል በአንድ መስመር ተሰልፈው ነው፤ ከእነሱ አንዱ በጣም ጥቂት እንኳ ወደ ጎን ቢንሸራተት ወይም ቢያዘም፣ የምስሉ መሃል ጥርት ብሎ እያለ አንዱ ጎን ወይም አንዱ ማዕዘን ይደበዝዛል። ቤት ያነሷቸው ፎቶዎች ጥሩ የመሰሉዎት ዓይናችን አስቀድሞ የሚያየው መሃሉን ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጠዋት፣ ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ መርገብገብ ሳይጀምር፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ካሜራውን በትራይፖድ ያቁሙ። ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚርቅና ጠርዙ ስል የሆነ አንድ ነገር ይምረጡ፤ የስልክ ማማ በጣም ይመቻል። ዙሙን 24 ላይ፣ አፐርቸሩን 2.8 ላይ አድርገው፣ በላይቭ ቪው (ምስሉን በካሜራው ስክሪን ላይ በቀጥታ በሚያሳየው) 10 ጊዜ አጉልተው ማማውን በመሃል በእጅ ፎከስ አድርገው ያንሱት። ከዚያ ፎከሱን ሳይነኩ፣ ካሜራውን ብቻ እያዞሩ፣ ያንኑ ማማ በየተራ በአራቱም ማዕዘኖች አስቀምጠው ያንሱ። የሚነሳው ነገር ያው አንዱ ማማ ስለሆነና ርቀቱም ስለማይለወጥ፣ በፎቶዎቹ መካከል የሚታየው ልዩነት ከሌንሱ ወይም ከካሜራው የመጣ ነው። ማዕዘኖቹ ከመሃሉ ለስለስ ቢሉ አይደንግጡ፤ ሌንሶች ሁሉ ይብዛም ይነስም ይህ ጠባይ አላቸው። የሚያሳስበው አራቱ እርስ በርስ ሲለያዩ ነው። ፎከሱን እንደገና አስተካክለው በ50 እና በ70 ይድገሙት። አንዱ ማዕዘን ከተለየብዎት ሌላ ሌንስ በዚያው ካሜራ ላይ ገጥመው ይሞክሩ፤ ካሜራውም አብሮ ወድቋልና የተጣመመው ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት ሊሆን ይችላል።

የቀሩት ፈተናዎች አጫጭር ናቸው። አፐርቸሩን 16 ላይ አድርገው የጥልቀት ማሳያውን ቁልፍ (አፐርቸሩን በመረጡት ልክ የሚያጠበውን) ተጭነው በግንባሩ በኩል ሲመለከቱ ዘጠኙ ስስ ክንፎች እኩል መጥበብ አለባቸው፤ በ2.8 ደህና ሠርቶ ሲያጠቡት «ኤረር 01» የሚል መልእክት ከመጣ ጥርጣሬዬ ወደ አፐርቸሩ ያመራል። በመመልከቻው በኩልና በላይቭ ቪው ያንኑ ነገር በአውቶፎከስ አንስተው ጥራቱን ያስተያዩ። ይህ ሌንስ ምስል ማረጋጊያ የለውም፤ ስለዚህ ቀድሞ ያልነበረ መንኳኳት ካለ «ማረጋጊያው ይሆናል» ብለው አይለፉት።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የዙሙ መያዝ ነው። ይህ ሌንስ ወደ 70 ሲሄድ ግንባሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በወደቀበት ሰዓት ወጥቶ ከነበረ ምቱን የተቀበሉት ግንባሩን የሚመሩት ትንንሽ የውስጥ አካላት ናቸው። እባክዎ በኃይል አያዙሩት። ሲወድቅ ዙሙ ስንት ላይ ነበር?

ጠያቂው

የመጨረሻው ፎቶ መረጃ እንደሚያሳየው 70 ላይ ነበር። ዛሬ ማለዳ ከምኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ እንዳሉኝ አደረግሁ። በ24 ሦስቱ ማዕዘኖች ሲመሳሰሉ፣ የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ግን የማማው ብረቶች እርስ በርስ እስኪቀላቀሉ ድረስ ደብዝዟል። በ70 ልዩነቱ ያንሳል፤ አፐርቸሩን ወደ 8 ሳጠበው ደግሞ ለመለየት ተቸገርሁ። ሌላውን ሌንሴን፣ 50 ሚሊ ሜትሩን፣ ስገጥም አራቱም ማዕዘኖች እኩል ስለሆኑ ካሜራው ችግር የለበትም ብያለሁ። አፐርቸሩም አውቶፎከሱም ደህና ናቸው፤ የሚንኳኳም ነገር የለም። ለእሑድ በኤፍ 8 ብሠራበትስ?

መልስ 2፣ ከካሜራ ጠጋኝ

አልመክርዎትም። ከ2.8 ወደ 8 ሲሄዱ የሚያገኙት ብርሃን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ በአዳራሽ ውስጥ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲበዛ ምስሉ ይሻክራል) 1600 ይሠሩት የነበረውን በ12800 ሊሠሩት ነው። የሚይዘው ዙምም በሥነ ሥርዓቱ መካከል ጨርሶ ቢቆም የሚያደርጉት ነገር አይኖርም። ለእሑድ ከባልደረባ ይዋሱ ወይም ይከራዩ፤ ጥር የሰርግ ወር ነውና ዛሬውኑ ይጠይቁ። ካልተገኘ በ50 ሚሊ ሜትሩ ይሥሩ፤ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ወደ ኋላ የሚሄዱበት ቦታ እንዲኖር አስቀድመው አዳራሹን ይዩት።

ለጥገና ሲሰጡ ዛሬ ያነሷቸውን ፎቶዎች ሳይቆርጡ አብረው ይስጡ፤ የትኛው ማዕዘን እንደተጎዳና በየትኛው ዙም እንደሚብስ ማወቁ ለጠጋኙ ብዙ ፍለጋ ይቀንስለታል። የዙሙ መያዝ መወገዱ ብቻ አያርካዎት፤ ያ ተስተካክሎ ማዕዘኑ እንደደበዘዘ ሊቀር ይችላል። ሲረከቡ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ራቅ ያለ ማማ ወይም ምሰሶ ፈልገው አምስቱን ፎቶ በዚያው አኳኋን እንደገና ያንሱ።