የኤሌክትሮኒክስ ክፍላችን «ማርኮኒ» ይባል?

ኮሚቴ፦ እዚህ አቃቂ ወጣት ማዕከል ለምንከፍተው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ማሠልጠኛ የቀረበው ስም «ማርኮኒ» ነው፣ ራዲዮን ካስጀመሩት አንዱ በሆነው ጣሊያናዊ ስም። ተቃውሞ ያለው ይጻፍ። ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ ይሁንልን፣ እንዳንደባለቅ።

ስታኞ፦ ምን ያከራክራል? በ1901 ማርኮኒ ከእንግሊዝ ያለ ሽቦ የተላከ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ (ዛሬ ካናዳ) ላይ ተቀብሏል። በ1912 ታይታኒክ ስትሰምጥ ከ700 በላይ ሰው የተረፈው የእሱ ኩባንያ ቴሌግራፈኞች በላኩት ጥሪ ነው።

የአቃቂ ልጅ፦ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። በ1935 ሀገራችን ስትወረር ወረራውን በአደባባይ ደገፈ። የካቲት 12ን እያሰብን ነው ስሙን በር ላይ የምንጽፈው?

ስታኞ፦ የድሮውን የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያስ የሠራው የጣሊያን ኩባንያ አይደል? አባቶቻችን አልጣሉትም።

የአቃቂ ልጅ፦ ተጠቀሙበት እንጂ ክርስትና አላነሡትም።

ጋሼ ራዲዮ፦ ልጆች፣ መጀመሪያ ነገር ራዲዮን ብቻውን የፈጠረ ሰው የለም። የራዲዮ ሞገድን በሙከራ ያሳየው ጀርመናዊው ኸርትዝ ነው፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ። በ1890ዎቹ አጋማሽ ህንዳዊው ጃጋዲሽ ቦስ ካልካታ ላይ ያለ ሽቦ ደወል ደውሏል፣ ባሩድ አቀጣጥሏል። በ1943 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማርኮኒን የመቃኛ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ዋና ዋና ነጥቦች ውድቅ ያደረገው ሌሎቹ ፈልሳፊዎች ሎጅ፣ ቴስላና ስቶን ስለቀደሙት ነው። «ፈጣሪው ቴስላ ነው» ብሎ ግን አልፈረደም፤ ያ የዩቲዩብ ወሬ ነው። ማርኮኒ የሚበልጣቸው ነገሩን አገጣጥሞ ለገበያ በማብቃቱ ነው፤ ይህንንም አልነፍገውም።

ሚጢጢ፦ ጋሼ፣ እንግዲያው ትራንዚስተርን፣ የኤሌክትሪክ ምልክት የምታጎላውን ትንሽ ዕቃ፣ በፈጠሩት ሰዎች እንሰይመው። ሾክሌይ?

ጋሼ ራዲዮ፦ እሱማ ባሰ፣ ልጄ! ጥቁር በተፈጥሮው አእምሮው ያንሳል ሲል የኖረ ሰው ነው። በታኅሣሥ 1947 አሜሪካ ቤል ላብ በሚባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ የመጀመሪያዋን ትራንዚስተር በእጃቸው የሠሩት ባርዲንና ብራቴን ናቸው። ሾክሌይ አለቃቸው ነበር፤ የተሻለውን ዓይነት ያሰበው ከእነሱ በኋላ ነው። ባርዲን በፊዚክስ ሁለት ጊዜ ኖቤል የወሰደ ብቸኛ ሰው ነው፣ በ1956 እና በ1972። ስሙን ግን ማን ያውቃል?

ስታኞ፦ በዚህ አያያዛችን ጻድቅ ስንፈልግ ክፍሉ ሳይከፈት ይቀራል።

ሚጢጢ፦ የኔ ድምፅ ለቦስ። በቅኝ ተገዢ ሀገር መምህር ሆኖ የሠራ፣ ለፓተንትም ግድ ያልነበረው፤ ያወጣውንም ወዳጆቹ ጎትጉተውት ነው።

ስታኞ፦ «ቦስ» ተብሎ ቢጻፍ ሰው በዚያ ስም የሚሸጠውን ስፒከር ሊገዛ ይመጣል።

ኮሚቴ፦ ቦስና ባርዲን ለእሁድ ድምፅ ይቀርባሉ። ማርኮኒም ይቅረብ የምትሉ እስከ ቅዳሜ አምስት ፈራሚ አምጡ።

የአቃቂ ልጅ፦ አምስት ከተገኘ ስማቸውን እዚሁ ይለጥፉልን።