የአባ ሳሙኤል ደለልና የትራንስፎርመር ዘይት፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ የናሙና ክፍል

የረቂቁ አዘጋጅ፦ በረቂቁ 20 የውሃና 6 የደለል ናሙና ተይዟል። ጥያቄው ከአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ አሮጌ መሣሪያዎች የወጣ ፒሲቢ (በአሮጌ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ የሚገኝ መርዛማ የክሎሪን ኬሚካል) አፈሩንና ውሃውን ነክቷል ወይ የሚል ነው። አስተያየታችሁን እስከ ሐሙስ።

የላብራቶሪ አባል፦ ቁጥሩ ይገልበጥ። ፒሲቢ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ የሚጣበቀው ከደለልና ከስብ ጋር ነው። ውሃ ብቻ ቀድተን ብንመለስ «አልተገኘም» የሚል ወረቀት እንይዛለን፤ አንባቢው ደግሞ «ንጹሕ ነው» ብሎ ይረዳዋል። ውሃ የግድ ከሆነ ፒሲቢን ከውሃው የሚመጥ የሲሊኮን ንጣፍ ለጥቂት ሳምንታት ተዘፍዝፎ ይቆይ።

የመስክ አባል፦ ልክ ነው፤ ግን ትልቁም ትንሹም አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው ነው ሐይቁ የሚገቡት። ሐይቁ ላይ የተገኘውን ሁሉ በማመንጫው ላይ ማላከክ አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱም ወንዞች ከመግቢያቸው በላይ፣ ሐይቁ ራሱ፣ ከዚያም ከማመንጫው የውሃ መውጫ በታች፤ በየቦታው 3 ናሙና። ግቢው ውስጥ ትራንስፎርመሩ የቆመበት ኮንክሪት ጠርዝና የዝናብ ቦዩ፣ ከላይኛው 5 ሳንቲሜትር። እዚህ ላይ የተለያየ ቦታ አፈር አይደባለቅ፤ ዘይት የፈሰሰባት ጠባብ ቦታ ከንጹሕ አፈር ጋር ከተቀላቀለች ተመናምና ትጠፋለች። መሬቱ መረሬ ከሆነ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ከስንጥቁ ውስጥም ይወሰድ። ሁሉም ክረምት ሳይገባ ይለቅ፣ ጎርፉ ደለሉን ያገላብጠዋል።

የላብራቶሪ አባል፦ ከትራንስፎርመሩም ዘይት ይወሰድ፤ ኃይል ተቋርጦ፣ በማመንጫው ባለሙያ እጅ። የዘይቱና የደለሉ ክሮማቶግራም (በውስጣቸው ያሉትን ውህዶች ለይቶ የሚያሳይ የላብራቶሪ ግራፍ) ጎን ለጎን ካልታየ ምንጩን መለየት ዘበት ነው። ታርጋው «የማዕድን ዘይት» ቢልም አትመኑ፤ አንዱ የማጣሪያ ማሽን ከተበከለው ወደ ንጹሑ ሲዘዋወር ይበክላል። ፒሲቢ የሚጣበቀው ከእሱ ጋር ስለሆነ ደለሉ ላይ የኦርጋኒክ ካርቦን መጠንም ይለካ፤ አለዚያ ጭቃን ከአሸዋ ጋር እያወዳደርን ነው።

የበጀት ኃላፊ፦ ፈጣኑ የክሎሪን መመርመሪያ ኪት ርካሽ ነው፤ ለሁሉም አይበቃም?

የላብራቶሪ አባል፦ ለዘይት የመጀመሪያ ልየታ ያህል ይበቃል። ማንኛውንም ክሎሪን ስለሚቆጥር በሐሰት «አለ» ሊል ይችላል፤ በኪሎ 50 ሚሊግራም ያለፈው ፒሲቢን ለይቶ ወደሚለካው የላብራቶሪ መሣሪያ፣ ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ ይሂድ። ለደለል ግን አይሆንም። ቡናማ ጠርሙስ ከቴፍሎን ክዳን ጋር ይገዛ፣ ፕላስቲክ ፒሲቢውን ይመጠዋል። ማንኪያው የማይዝግ ብረት ሆኖ በየቦታው በአሴቶን ቀጥሎ በሄክሴን ይታጠብ፤ ናሙናው በ4 ዲግሪ ይያዝ፤ ከባዶ ጠርሙሶቹም አንድ በመስክ ተከፍቶ ተዘግቶ አብሮ ይላክ፤ ብክለቱ ከራሳችን አያያዝ የመጣ ከሆነ ያሳየናል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦ ይሁን፤ 6 የውሃ፣ 20 የደለልና የአፈር ብዬ አስተካክላለሁ። መግቢያው ላይ የስቶክሆልም ስምምነት (በአካባቢ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ በካይ ኬሚካሎች የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት) እ.ኤ.አ. እስከ 2028 የተበከሉ ዘይቶችና መሣሪያዎች በአግባቡ እንዲወገዱ መጠየቁን አስገባለሁ። የግቢ መግቢያ ፈቃድ ደብዳቤውን ማን ይጻፍ?

የመስክ አባል፦ እኔ፤ የዘይት ናሙናውን ጥያቄ ለብቻው አድርጌ።