አገልግሎት ላይ ጥራት ይኑር ስል "ልብ ነው የሚታየው" እየተባልኩ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሳውንድ ላይ ነው የማገለግለው፣ አሁን ግን የምር ጨንቆኛል። ልምምድ ቅዳሜ 10 ሰዓት ተብሎ ግማሹ ሰው 11 ተኩል ነው የሚመጣው፣ እሁድ ደሞ ሳውንድ ቼክ ሳናደርግ እንጀምርና ማይኩ ወደ ስፒከሩ ዞሮ ስለሚቀመጥ ይጮሃል፣ ድምፁን ስቀንሰው ደሞ ኋላ ያሉት እናቶች ስብከቱ አይሰማቸውም። ባለፈው አንድ እማማ "ልጄ ዛሬም ምንም ሳልሰማ ወጣሁ" ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

ቡድኑን የሚመሩት ጋሼ በጣም የማከብራቸው ሰው ናቸው፣ ሳነሳላቸው ግን "እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው" ይሉኛል። እውነት ነው፣ ግን እኮ ንጉሥ ዳዊት፣ ኦርና የሚባለው ሰው አውድማውንና በሬዎቹን እንዲሁ ውሰድ ሲለው እንቢ ብሎ 50 ሰቅል ብር ከፍሎ ነው መሥዋዕት ያቀረበው (2ኛ ሳሙኤል 24)፣ ሚልክያስ 1 ላይም ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያመጡትን እግዚአብሔር እንዴት እንደገሠጻቸው አለ። ልብማ ካለ ትጋቱም አብሮ ይመጣል ብዬ ነው የማምነው።

እስቲ በዚህ ያለፋችሁ ምከሩኝ፣ ጋሼን ሳላስቀይም እንዴት ልንገራቸው? ልምምድ በሰዓቱ ማስጀመር የቻላችሁስ ከምን ነው የጀመራችሁት?