ገበያ መሃል ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ክብሪት ማሽተት ይጠቅማል?

የባቲ መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባቲ ሰኞ ገበያም ሆነ ደሴ መናኸሪያ ሰው ድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ ሕዝቡ ይከበዋል። አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ ሌላው እጁን ይይዛል፣ ሌላው «ማንኪያ አምጡ» ይላል። ገሚሱ ደግሞ አረፋው ይተላለፋል ብሎ ይሸሻል። ሰውየውን የማያውቀው መንገደኛ በነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ምን ያድርግ? ክብሪቱስ እውነት ይሠራል?

ነርስ ከኮምቦልቻ፦
አይሠራም። አብዛኛው መንፈራገጥ ክብሪት ተጫረም አልተጫረም ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። ጭሱ ግን ትንፋሽ ያጠረውን ሰው የመተንፈሻ ቧንቧ ይቆጣዋል፣ እሳቱም ፊቱን ሊያቃጥለው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ሰዓት እዩ። በድንጋጤ 1 ደቂቃ 10 ይመስላል፣ አምቡላንስ የሚጠራውም በሰዓቱ ነው። ከዚያ የከሰል ማንደጃውን፣ ጀበናውን፣ ድንጋዩን ከአጠገቡ አርቁ። ሰውየውን መጎተት የሚያስፈልገው እሳት፣ ውሃ ወይም መኪና አጠገብ ከወደቀ ብቻ ነው። ከራሱ ሥር የታጠፈ ጃኬት አስገቡ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ሻሽ ወይም ቁልፍ አላሉ።

እጅና እግሩን አትያዙ፤ ጡንቻው በኃይል እየተኮማተረ ሲያዝ ትከሻ ይወልቃል። አፉ ውስጥም ምንም አይገባም። ምላስ አይዋጥም፤ ማንኪያው ግን ጥርስ ይሰብራል፣ ስባሪውም ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። አረፋው ምራቅ ነው፣ ከቀላም ምላሱን ነክሶ ነው። በሽታው በምራቅም በንክኪም አይተላለፍም።

ጦሳ፦
መንፈራገጡ እንደቆመ በጎን ማስተኛቱ እንዳይረሳ። ወደ እናንተ ያለውን እጁን ወደ ጎን ዘርጉ፣ የሌላኛውን እጁን ጀርባ ጉንጩ ሥር አድርጉ፣ ራቅ ያለውን ጉልበቱን አጥፋችሁ ወደ ራሳችሁ ገልብጡት። አፉ ወደ መሬት ዘንበል ሲል ምራቁ ይወጣል፣ በጀርባው ከተኛ ግን ያንቀዋል።

ሚኒባስ ውስጥ ከሆነ፣ በተለይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሾፌሩ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ያቁም። ከወንበሩ አታውርዱት፤ ራሱን ከመስታወቱና ከብረቱ በጃኬት ከልላችሁ ወደ ጎን ደግፉት።

ነርስ ከኮምቦልቻ፦
ትክክል። መንፈራገጡ 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ስኳር ካለበት፣ ራሱን ከተመታ ወይም ውሃ ውስጥ ከወደቀ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥሩ፤ ካልተገኘ በባጃጅም ቢሆን ጤና ጣቢያ አድርሱት፣ መንገዱን ሁሉ በጎኑ እንደተኛ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ልቡ የቆመ ሰውም ለጥቂት ሰከንዶች ሊንፈራገጥ ይችላል። ሲቆም ደረቱን እዩ። ማንኮራፋት የሚጥል በሽታ ላለበት የተለመደ ነው። ጨርሶ ካልተነፈሰ፣ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ ካጣጣረ፣ በጀርባው አስተኝታችሁ የደረቱን መሃል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እያስገባችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ሌላው ሰው በዚያው ቅጽበት ስልክ ይደውል።

የባቲ መንገደኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሲነቃስ ውሃ ወይም ቡና ቢሰጠው?

ነርስ ከኮምቦልቻ፦
ስሙንና ያለበትን ቦታ በትክክል እስኪናገር ድረስ በአፉ ምንም አይሰጠው፣ ጸበልም ቢሆን፤ ትን ይለዋል። ግራ መጋባቱ ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ ተነስቶ ልሂድ ቢል ከመኪና መንገድ ብቻ መልሱት። ኪኒን ካለው አቋርጦ እንደሆን ጠይቁት። ፌኖባርቢታል የተባለውን የሚጥል በሽታ ኪኒን በድንገት ማቆም መንፈራገጡን ይቀሰቅሰዋል፣ ጸበሉም ዱዓውም ከኪኒኑ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ጦሳ፦
ብዙ ጊዜ ሽንት ያመልጣል። ከመንቃቱ በፊት ከወገቡ በታች ነጠላ ወይም ጋቢ ጣል አድርጉበት፣ የከበበውን ሰው በትኑ። ሴት ከሆነች አንዲት እህት አጠገቧ ትቀመጥ። ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው አንድ የተረጋጋ ፊት ይሁን፤ «አብሽር ወንድሜ፣ አብረንህ ነን» በሉት።