የዘ ሃርደር ዘይ ካም ዘፈኖች ለፊልሙ ተብለው ነው የተሠሩት?

ናቲ ሳሪስ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጂሚ ክሊፍ የሚሠራበትን የጃማይካ ፊልም አየሁት። ፊልሙ አሪፍ ነው፣ ዘፈኖቹ ግን ጭራሽ ከአፌ አልወጣ አሉ። ሁሉም ለፊልሙ ነው የተቀረጹት? ጓደኛዬ «የድሮ ዘፈን ለቃቅመው ነው የሸጡት» ይላል። ሌላው ደግሞ ለቦብ ማርሌይ መንገድ የከፈተው ይሄ ፊልም ነው ይላል። ቦብ ግን ፊልሙ ውስጥ የለም! የሚያውቅ ያስረዳኝ።

የሸክላ ወዳጅ፦
ናቲዬ፣ ጓደኛህ ብዙም አልሳተም። ለፊልሙ ተብሎ የተሠራው የርዕሱ ዘፈን ብቻ ነው። የዴዝመንድ ዴከር «007» የ1967 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የሜይታልስ «ስዊት ኤንድ ዳንዲ» በ1969 በጃማይካ የነጻነት በዓል የዘፈን ውድድር አንደኛ ወጥቷል። «ሜኒ ሪቨርስ ቱ ክሮስ»ም የዚያው ዓመት ነው። ብዙዎቹን ያሳተመው ሌዝሊ ኮንግ ፊልሙ ሳይወጣ በ1971 ሞተ። ግን «ለቃቅመው» የሚለውን አልቀበልም። ምርጫው ራሱ ሥራ ነው።

ዳይሬክተሩ ፔሪ ሄንዝል ማስታወቂያ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ከትሬቨር ሮን ጋር ጽፎ ኪንግስተን ውስጥ ቀረጸው። ብር ሲያልቅ ያቆማል፣ ሲገኝ ይቀጥላል። መነሻው በ1948 ፖሊስ የገደለው ራይጊን የሚባል ወንበዴ ነው። ሄንዝል ይህን ወንበዴ ዘፋኝ አደረገው። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው።

ጂሚ ክሊፍ የሚጫወተው ኢቫን ከገጠር ከተማ ገብቶ ዘፈን ይቀርጻል። ፕሮዲውሰሩ ሂልተን 20 ዶላር ይወረውርለታል። ልጁ እምቢ ብሎ ሸክላውን ራሱ ይዞ ይዞራል። የሂልተን ፈቃድ ከሌለ ማን ያጫውትለታል? ተመልሶ በዚያችው 20 ዶላር ይፈርማል። ዘፈኑ የሚገነነው እሱ ፖሊስ ገድሎ ሲሸሽ ነው፤ ያኔም ቢሆን ሳንቲም አይደርሰውም።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ደሜ ይፈላል። በወጣትነቴ ባንድ ውስጥ ቤዝ እጫወት ነበር። አንድ አሳታሚ ለቀረጻ አንዴ ከፈለን፣ አበቃ። ካሴቱ ግን ለዓመታት በየታክሲው ሲጮህ ኖረ። ስለዚህ ዘፈኖቹ የድሮ መሆናቸው አይገርመኝም። ኪንግስተን ውስጥ በየሬዲዮው የሚጮኹ፣ ሁሉም በቃሉ የሚያውቃቸው፣ እነሱ ናቸው የሰፈሩ ድምፅ። ስቱዲዮውም ዳይናሚክ ሳውንድስ ነው፣ እውነተኛ ስቱዲዮ። ኢቫን አፍጥጦ የሚያያቸው ዘፋኞች ራሳቸው ቱትስና ሜይታልስ ናቸው።

ሠናይት ከዲሲ፦
ጋሼ ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። የአሜሪካውን ልጨምር። ሰዎቹ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፣ ግን የጃማይካ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለአሜሪካኖች ከሥር ጽሑፍ ገባለት። በ1973 ሲከፈት ብዙም አልሄደም። የያዘለት ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ኦርሰን ዌልስ ሲኒማ ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ እየታየ ነው። ተማሪዎቹ እየደጋገሙ ያዩታል፣ ከዚያ የፊልሙን ዘፈኖች ሸክላ ይገዛሉ። ለብዙ አሜሪካዊ የመጀመሪያው የሬጌ ሸክላ ይሄ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ2021 ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ከመዘገባቸው ቅጂዎች አንዱ አድርጎታል።

የቦብን ነገር በተመለከተ፣ የአይላንድ ሬከርድስ ባለቤት ክሪስ ብላክዌል ክሊፍን በፊልሙ ኮከብ ሊያደርገው ነበር ያሰበው። ክሊፍ ግን ኩባንያውን ጥሎ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ እነ ቦብ መጡ። በክሊፍ የታሰበው በቦብ ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

ናቲ ሳሪስ፦
እናመሰግናለን! ግን ሸክላው ላይ ያለው «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» የቦኒ ኤም አይደለም እንዴ? አባቴ ካሴቱ አለው።

የሸክላ ወዳጅ፦
አይ ናቲ! የጃማይካዎቹ የሜሎዲያንስ ነው፣ በ1970 የወጣ። ቦኒ ኤም በ1978 ነው የዘፈኑት። ቃሉ ከዳዊት ነው፤ በእኛ ዳዊት 136ኛው መዝሙር። ሜሎዲያንስ ግን «የጌታን ዝማሬ» የሚለውን «የኪንግ አልፋን ዝማሬ» አድርገውታል። ኪንግ አልፋ ማለት ጃንሆይ ናቸው። ኪንግስተንን ከጎበኙ ገና አራት ዓመት ቢሆን ነው። የጃማይካ ሬዲዮ ለጊዜው ከልክሎት ነበር፣ የራስታ ነው ብሎ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣን ዘፈን እስከ መቼ ይከለክሉታል? ተፈቀደ፣ ተወደደም። ቦኒ ኤም «የጌታን» ብለው መለሱት። አባትህ አይከፉብኝ እንጂ የቦኒ ኤም ለጭፈራ ነው፤ የሜሎዲያንስን ስትሰማ በቃ ዝም ትላለህ።

ሠናይት ከዲሲ፦
እኔ ቦኒ ኤምን አልሰጥም! 😄

የሸክላ ወዳጅ፦
የአንቺን ልብ ማን ያሸንፋል። ናቲ፣ ደግመህ ስታየው ኢቫን ሲኒማ ቤት ገብቶ ጃንጎ የሚባለውን የጣሊያን ካውቦይ ፊልም የሚያይበትን ልብ በል። ተመልካቹ ይጮኻል፣ ይስቃል። «አክተሩ እስከ መጨረሻው አይሞትም» የሚል ነገር ይባላል። ልክ እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት እንደምንለው። በመጨረሻው ተኩስ ላይ ያ የሲኒማ ቤት ተመልካች እየተቆራረጠ ይመለሳል፣ ኢቫንም ራሱን አክተር አድርጎ ወደ ወታደሮቹ ይወጣል። ዘፈኖቹን ብቻ አውርደህ ከሰማህ ይሄ ያመልጥሃል።